ውኃ ውስጥ የቆሙ ሽማግሌዎች

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ወልደሚካኤል ከሽማግሌ መሸሽ ይችልበታል። ስለሺ እኔን ለማግባት ሽማግሌ በላከ ቁጥር ጋሼ ከቤት ይጠፋል። አንዴ ወደብ ተረኛ ነኝ አለ፤ አንዴ ደግሞ አሞኛል ብሎ ተከናንቦ ተኛ፣ በአሰብ ሙቀት ብርድ ልብስ ለብሶ! እኔ ደግሞ ጊዜ የለኝም። ስለሺ ከሚሠራበት ከአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሯል፤ ሰኔ ላይ ይሄዳል። እስከዚያ ጋሼ እሺ ካላለ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ መቅረታችን ነው። አባትና እናታችን ከሞቱ ወዲህ ያሳደገኝ ጋሼ ስለሆነ ያለ እሱ ቃል አላገባም። ይህን ስለሺም ያውቃል።

ስለዚህ መላ ዘየድን። ፋሲካ ባለፈ ሳምንት የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ተሰልፈን ዋልንና በማግስቱ ወደ በይሉል በሚወስደው መንገድ ለዕረፍት እንውጣ ተባለ። ጋሼን ማውጣት ችግር የለውም። ክሬን ላይ የሚውል ሰው ነው፤ ከፍ ያለ ነገር ካየ አያስችለውም፣ እዚያ ባሕሩ ዳር ያለውን ጥቁር ገደል መውጣት ነፍሱ ነው። ስለሺ ደግሞ ከአሮጌ ቁም ሳጥን የነቀለውን ኮምፔርሳቶ ቀለም ቀብቶ፣ እሱ ላይ ቆሞ በማዕበል መንሸራተት ጀምሯል። ያስተማረው የለም፤ አንድ የመርከብ ሠራተኛ ሲንሸራተት አይቶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል፣ ግን ሲወድቅ እንኳ ያምርበታል። ምን ላድርግ፣ እወደዋለሁ!

ጋሼ ጫማውን አውልቆ ገደሉን ሲቃኝ፣ እንደ ዕቅዳችን ስለሺ የላካቸው ሁለት ሽማግሌዎች በሌላ መኪና ከኋላችን ደረሱ። አንዱ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አቶ ሣህሉ ናቸው፣ ሙሉ ሱፍ ከነከረባቱ። ሌላው የስለሺ አለቃ አቶ ዓለሙ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው። አግቢው ሽምግልና ላይ መታየት ስለሌለበት ስለሺ ኮምፔርሳቶውን ታቅፎ ወደ ባሕሩ ሮጠ።

ጋሼ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ገደሉን እንደ ጦጣ ተንጠላጥሎ ወጣ!

«ጓድ ወልደሚካኤል!» አሉ አቶ ሣህሉ ከታች ሆነው።

«ዛሬ ስብሰባ የለም!» አለ ጋሼ ከላይ።

«ለጉዳይ ነው የመጣነው። መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም!»

«እንግዲያው ቁሙ!»

ሽማግሌ ደግሞ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ተቀመጡ ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ከገደሉ ሥር ቆሙ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እነሱ ንቅንቅ የለም። ትንሽ ቆይቶ ባሕሩ መሙላት ጀመረ። የአሰብ ባሕር በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ እነዚህ የደጋ ሰዎች ግን የሚያውቁት ወንዝ ነው።

«ውኃው መጣባችሁ! ወደ ኋላ በሉ!» ብዬ ጮህኩ።

«ደራሽ ነው፣ ያልፋል» አሉ አቶ ዓለሙ ጋቢያቸውን ሰብስበው። አቶ ሣህሉ ደግሞ ሽማግሌ ወደ ኋላ አይልም አሉ። ወይ ጉድ! ውኃው ጉልበታቸው ደረሰ። እንዲመጣ ለስለሺ እጄን ባውለበልብለት፣ ያደነቅኩት መስሎት መልሶ አውለበለበና ተገለበጠ።

በቃ፣ ደሜ ፈላ። ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ ገደሉን ያዝኩ። ድንጋዩ ይፋጃል፤ ጣቶቼ ተላጡ። መሃል ላይ እግሬ ሲከዳኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ጋሼ ከላይ «ግራ እግርሽን! አይዞሽ እቴናትዬ!» እያለ እጄን ይዞ ሳበኝ።

አጠገቡ ዘርፈጥ ብዬ «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «ሰዎቹ ሊሰጥሙ ነው! ስለሺ ምን ጎደለው?»

«ምንም። ጥሩ ልጅ ነው።»

«ታዲያ?»

ወደ ባሕሩ ዞረ። ስለሺ ኮምፔርሳቶው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በደስታ እየጮኸ ወደ ዳር ይመጣል።

«ከሥራ ስገባ ከማን ጋር ነው እራት የምበላው?» አለኝ።

ንዴቴ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ጋሼ እኔን ሲያሳድግ ሚስት እንኳ አላገባም።

«አብረኸን ና» አልኩት።

«አዲስ አበባ ወደብ አላት እንዴ?»

እንባዬ መጣ። «በቃ ተወው፣ አልሄድም» አልኩት። ከልቤ ነበር።

ጋሼ ትንሽ አየኝና ብድግ አለ። እጆቹን አፉ ዙሪያ አድርጎ «ሽማግሌዎች! ተቀመጡ!» ብሎ ጮኸ።

አቶ ሣህሉና አቶ ዓለሙ ተያዩ። ውኃው ወገባቸው ደርሷል። ግን ወግ ወግ ነው፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጋቢው ተንሳፈፈ። አቶ ሣህሉ አንገታቸው ብቻ ቀርቶ «እንደ አብርሃም፣ እንደ ሣራ ያድርጋችሁ!» እያሉ ይመርቃሉ። ስለሺ ደግሞ ኮምፔርሳቶውን ጥሎ ሊያነሳቸው ሲሮጥ እሱም ወደቀ።

እኔና ጋሼ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እየሳቀም እጄን አጥብቆ ይዞኛል። ለመውረድ ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኝ ነበር፤ እስኪለቀኝ ድረስ ግን አጠገቡ ተቀመጥኩ።