አሥራ ስምንተኛዋ ባለሙያ

ኢንጂነር ኤቫንድሮ አዲስ የውሃ አውሮፕላን ለመሥራት ማጆሬ ሐይቅ ዳር ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች ተለቅመው የመጡ ምርጦች ነበሩ። የክንፍ ሊቁን ፕሮፌሰር ቦንፊሊዮን ከቶሪኖ፣ የሞተር ሰዎቹን ከጄኖቫ፣ ጀልባ ሠሪዎቹን ከቬኔዚያ አምጥቷል። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ አልቆጠራቸውም።

የቆጠረው የአናጺዎቹ አለቃ ቴሬንዚዮ ነው። ሰኞ ጠዋት መዶሻውን አስቀምጦ፣ "ኢንጂነር፣ አሥራ ሰባት ነን" አለ።

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ የሞት ቁጥር ነው! እኔ ባለትዳር ነኝ።"

ኤቫንድሮ ሳቀ። የተማረ ሰው ቁጥር አይፈራም ሊያሰኝ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢዞር፣ እሳቸው እቴ! ክፉው እንዳይነካቸው ኪሳቸው ውስጥ የብረት ቁልፋቸውን ጨብጠው ቆመዋል። ሥራው ቀጥ አለ።

የሚቆምበት ጊዜ ግን አልነበረም። አውሮፕላኑ የሚሠራበት ግቢ ባለቤት፣ አማቱ ሲኞር ግራሲኒ፣ ቁርጡን ነግረውታል። "ሐሙስ ካልበረረ ከሰኞ ጀምሮ እዚህ የሚሠራው የመታጠቢያ ገንዳ ነው። አንተም ገንዳ ትሸጣለህ።" ስምንት ዓመት የለፋበት ነገር ገንዳ ሆኖ ሲታየው ኤቫንድሮ ከልቡ ፈራ።

ስለዚህ ወጥቶ መጀመሪያ ያገኘውን ሰው ቀጠረ። ያገኘው ደግሞ ዓሣ ሻጯን ኦርቴንሲያን ነው፤ ምላሷ ከቢላዋዋ ይልቅ የሰላ ሴት። ለቁጥር ትግባ እንጂ ሥራ አትነካም ብሎ ነበር።

"ማዕረጌ ምንድን ነው?" አለችው።

"አማካሪ።"

"የምን?"

"የ... የውሃ።"

"እሱንስ ከናንተ የተሻለ አውቀዋለሁ" ብላ ከነቅርጫቷ ገባች።

አናጺዎቹ ወዲያው መዶሻቸውን አነሱ። ፕሮፌሰሩ ብቻ አፍንጫቸውን ያዙ።

ሐሙስ ዕለት ነፋስ የሚባል ጠፋ። ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ረግቷል። ሲኞር ግራሲኒ ወንበር አስወጥተው፣ የገንዳውን ንድፍ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። አውሮፕላኑ አብራሪውን ይዞ እያጓራ ሄደ፣ ሄደ፣ አልተነሳም። ተመልሶ ሞከረ፤ እምቢ አለ። ፕሮፌሰሩ በሞተሩ፣ የሞተር ሰዎቹ በክንፉ አሳበቡ። ኤቫንድሮ እንባው መጣ።

"የውሃ አማካሪ አይጠየቅም እንዴ?" አለች ኦርቴንሲያ።

"አንቺ ደሞ ምን ታውቂና!" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"ውሃው አውሮፕላኑ ሆድ ላይ ተጣብቋል። እርጥብ ሰሃን ከእርጥብ ጠረጴዛ ላይ አንስተው አያውቁም? ለነገሩ የሚያነሱልዎት ሚስትዎ ናቸው።"

መልስ አልጠበቀችም። ዓሣ አጥማጆቹን በፉጨት ጠርታ እሷም ጀልባዋ ላይ ወጣች። ስድስት ጀልባ ወዲያና ወዲህ እየቀዘፈ ሐይቁን አመሰው። አውሮፕላኑ መጣ፤ ሞገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ነጠረና ከውሃው ተላቀቀ። ኤቫንድሮ ያገኘውን ሰው ሁሉ ሳመ።

ፕሮፌሰሩን ሊስም ሲል ግን ባርኔጣቸውን አነሱ። "ከዓሣ ሻጭ የሚማር ሌላ ሊቅ ፈልግ!" ብለው ወደ ባቡር ጣቢያው ሄዱ።

ቴሬንዚዮ በጣቱ ቆጠረ። ቆጥሮ ሲጨርስ ጭብጨባው ቆመ። ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ለመፈለግ የቀደመው ኤቫንድሮ ራሱ ነው።

ሲኞር ግራሲኒ ሰማይ ሰማዩን እያዩ ከወንበራቸው ተነሱ። የገንዳውን ንድፍ ዓሣ መጠቅለያ ይሁንሽ ብለው ከጀልባዋ ለወረደችው ለኦርቴንሲያ ሰጧት።

"አሥራ ስምንተኛው እኔ ብሆንስ?" አሉ እየተቅለሰለሱ። "ማዕረጌ ምን ይሆናል?"

ኦርቴንሲያ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

"የኔ ረዳት" አለች።