ቁልፍ የሌላቸው ልብሶች

«ልብሷን ብቻዋን ትለብሳለች?» ስትል ባለሙያዋ ጠየቀች።

«አዎ፣ ከነካልሲዋ» አለች እናት፣ ኩራቷን ለመደበቅ እየሞከረች።

ባለሙያዋ እድገታቸው የዘገየ ልጆችን ስታለማምድ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። መነጽሯን ከፍ አድርጋ ቅጹ ላይ ምልክት አደረገች። «እንዲህ ከሆነማ ጎበዝ ናት። እኔ ጋ መመላለስም ላያስፈልጋት ይችላል።»

እናት ደነገጠች። አዎ ያለችው ልጇ ጎበዝ እንድትባል እንጂ እንድትሰናበት አልነበረም። እዚህ ወንበር ላይ ለመቀመጥ አምስት ወር ሙሉ ተራ ጠብቃለች።

የአምስት ዓመቷ ልጇ ድንቡሼ ምንጣፉ ላይ ተዘርፍጣ የእንጨት ኩቦች ትደረድራለች። ከተወለደች ጀምሮ ጡንቻዋ የላላ ነው፤ ነገር ሁሉ ከእኩዮቿ ዘግይቶ ነው የሚመጣላት። ባለሙያዋ ከመስቀያው አንድ የልጅ ካፖርት አወረደች።

«እስቲ ይቺን ልበሻት፣ የኔ ቆንጆ።»

ድንቡሼ እጆቿን አንድ በአንድ አስገባች። ከዚያ ወደ እናቷ ሄዳ ደረቷን ነፍታ ቆመች። እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ ጣቶቿ ቀድመዋት ሁለት ቁልፍ ቆልፈው ሦስተኛው ላይ ደርሰዋል።

«ኧረ እጅሽን ሰብስቢ!» አለች ባለሙያዋ እየሳቀች። «እሷን ነው የምመዘግበው ወይስ አንቺን?»

እናትም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ከሰመ። ልጅቷ ከቤት ለብሳ የመጣችውን ቀሚስ አየችው። አንገቱ ሰፊ፣ ወገቡ ላስቲክ ነው፤ ቁልፍ የሚባል ነገር አልዞረበትም። ቁም ሳጥን ሙሉ እንዲህ ያለ ልብስ ሰፍታላታለች። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም። ኩባያዋ ክዳን አለው፣ ዳቦዋም ተቆራርጦ ነው የሚቀርብላት። ልጅቷን ያስቸገረ ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ከቤት ወጥቶ አልቋል። ጎረቤቶች ቀሚሶቹን እያዩ «እጅሽ ይባረክ» ይሏታል፤ እሷም ቅድም ለባለሙያዋ አዎ ስትል እውነቱን የተናገረች መስሏት ነበር።

«ስሚኝ ልጄ» አለች ባለሙያዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የቀረኝ ሦስት ቦታ ነው፤ የሚጠብቁት ልጆች ግን አሥራ አንድ ናቸው። በዚህ ወረቀት ከሄድን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እንደገና ልጠይቅሽ፤ ያላንቺ እጅ የምትችለውን ብቻ ንገሪኝ።»

እናት ወደ ምንጣፉ ዞረች። ድንቡሼ ገና ጨቅላ ሳለች አንድ ሐኪም ከአልጋው ግርጌ ቆሞ «ብዙ ነገር አትችልም፤ አትጠብቂ» ብሏት ነበር። ያን ቀን ለራሷ ቃል ገባች፤ ይህቺ ልጅ «አትችልም» የሚለውን ከእናቷ አፍ አትሰማም። አምስት ዓመት ሙሉ ቃሏን አላጠፈችም።

«ውጪ ትጠብቀን?» አለች በሹክሹክታ።

«ማን ይዟት? ደግሞስ ከኛ ይልቅ የምታውቀው እሷ አይደለችም እንዴ?»

እናት ወደ ባለሙያዋ ዞረች። «እሺ፣ ይጠይቁኝ።»

«ቁልፍ ትቆልፋለች?»

«አትችልም።» ልጇ እየሰማች ይህን ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። ድንቡሼ ከኩቦቿ ቀና አላለችም።

«ሾርባ በማንኪያ ትጠጣለች?»

«ትደፋዋለች።»

«ደረጃ ብቻዋን ትወርዳለች?»

«አትችልም።»

«እችላለሁ!» አለች ድንቡሼ ከምንጣፉ። «በቂጤ!»

ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን ጥላ ሳቀች። እናት ልጅቷን ትኩር ብላ አየቻት። የመከፋት ምልክት አልነበረባትም፤ የናቷን ስህተት አርማ ወደ ኩቦቿ ተመልሳለች።

«እውነቷን ነው» አለች እናት። «ግን እኔ ሳላያት ነው፤ ካየኋትማ እሸከማታለሁ።»

«እሱንም እጽፈዋለሁ» አለች ባለሙያዋ።

የቀሩትን አሥራ ሁለት ጥያቄዎች እናት ድምጿን ሳትቀንስ መለሰች።

ድንቡሼ ለማክሰኞና ለሐሙስ ጠዋት ልምምድ ተመደበች። እናትም በነዚያ ቀናት የስፌት ሱቋን ከምሳ በኋላ መክፈት ጀመረች።