ጭልፊቱ ሲጠራ

፩

«ቴሌስኮፑን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ውብአለም ይህን መኪናዋ ውስጥ ለብቻዋ ስትለማመደው መጣች። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስትደርስ ግን ከአፏ የወጣው «እንደምን አለሽ ሶስና» ነበር።

፪

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያህል ይበቃሃል፦ ባሏ ዶክተር ገዛኸኝ የወፍ ተመራማሪ ነበር። ከሞተ ወዲህ ረዳቱ ሶስና በእሱ ቴሌስኮፕ ጭልፊቶቹን መከታተል አላቆመችም።

፫

ስለ ጭልፊት፣ ሶስና እንደነገረቻት

ጎጆ አትሠራም፤ ቁራ ትቶት በሄደው ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ወንዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ አየር ላይ ቀጥ ይላል። ክንፉ ይርገበገባል፣ ጭንቅላቱ አይነቃነቅም። አይጥ ሲይዝ ተመልሶ ይጠራታል። ወጥታ ትቀበለዋለች።

ይጠራታል።

ሁለቴ መጻፍ አያስፈልግም ነበር። ውብአለም ግን ሁለቴ ሰማችው።

፬

ሶስና፦ ዶክተር ዓይናቸውን ከቴሌስኮፑ አያነሱም ነበር። ያዩትን ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ውብአለም፦ ይናገራል?

ሶስና፦ ከጠዋት እስከ ማታ! «ዶክተር፣ ወፎቹ እንኳ ደክሟቸው ተኙ እኮ» እላቸው ነበር።

ውብአለም፦ እሱስ?

ሶስና፦ ይስቃሉ።

፭

ገዛኸኝ፣ ቤት ውስጥ

«ደህና ዋልሽ።»

«ጨው ያንሰዋል።»

«መብራቱን አጥፊው።»

፮

ሶስና የባሏ ውሽማ ብትሆን ይሻላት ነበር። ከውሽማ ጋር መጣላት ይቻላል። ውብአለም ግን የቀናችው በሶስና ጆሮ ነው።

፯

«ልወስደው ነው» አለች በመጨረሻ።

«የእርስዎ ነው። ግን ቤት ምን ያደርግልዎታል?»

«ከሰገነቴ ላይ አይበታለሁ።»

«ከሰገነትዎ የጎረቤት ልብስ ነው የሚታየው፣ እትዬ።»

ውብአለም ሳታስበው ሳቀች። ሶስና እሱንም እንዲህ ነበር የምታስቀው። የውብአለም ሳቅ እዚያው ደረቀ።

«ከመውሰድዎ በፊት አንዴ ይዩ» አለች ሶስና።

፰

መመሪያ፣ ከሶስና

አንዱን ዓይንዎን ይጨፍኑ። ያዩትን ሁሉ ይናገሩ። አይምረጡ። ደስ ባይልዎትም ይናገሩ።

፱

ወንዱ ነፋሱ ላይ ቆሟል። ወረደ። አይጥ ይዞ ተነሳ። ጎጆው አጠገብ ደርሶ ጠራ።

ሴቷ ጎጆው ጠርዝ ላይ ነበረች። ሰምታዋለች።

ደግሞ ጠራ።

ደግሞ።

«ምን አዩ?» አለች ሶስና፣ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

«እየጠራት ነው።»

«እሺ። እሷስ?»

ውብአለም ዓይኗን አላነሳችም።

፲

«እሷ ትሰማዋለች። አትወጣለትም።»