ወደ ኋላ የተጣመሩ እጆች

«አትጎትቺ» አሉ ዶክተር ገብረ ኪዳን፣ ጓንት ያጠለቁ እጆቻቸውን ወደ አልጋው ዘርግተው።

«አልጎተትኩም፣ ዶክተር» አለች ሠልጣኟ ወለተ ሐና።

ሕፃኑ በእግሩ ነው የመጣው። ገላው ወጥቶ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀርቷል። እናቱን የሺእመቤትን ባሏ ማናዬ ከብቸና በጭነት መኪና አምጥቶ ሞጣ ሆስፒታል ሲያደርሳት ምጡ ለቀዶ ጥገና ጊዜ አልሰጠም።

ወለተ ሐና የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ለመሆን የተመደበላትን ዘመን ጨርሳለች። የበላይ ጓዶችም «አብዮቱ ሐኪም ይፈልጋል፤ ይልቀቋት» እያሉ ዶክተሩን ይጨቀጭቋቸዋል። እሳቸው ወይ ፍንክች! በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲማሩ የኔታ የማንንም ዓመት አይቆጥሩም ነበር፤ የቻለ ይመረቃል፣ ያልቻለ ቆሎውን እየቆረጠመ ይቀመጣል። ለወለተ ሐናም «እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ የቆምኩ ዕለት ያኔ ሐኪም ሆነሻል» ብለዋታል። አንድም ቀን አላጣመሩም። ባለፈው እንዲህ ያለ ምጥ ገጥሟት ደንግጣ ስትጎትት ሕፃኑን ከእጇ ነጥቀው ነው ያተረፉት።

«ልያዘው?»

«ይቆዩኝ።»

ይቆዩኝ ብሏቸው የሚያውቅ ተማሪ የለም። ወለተ ሐና ሕፃኑን ክንዷ ላይ በደረቱ አስተኛችው፤ ጣቶቿን ጉንጮቹ ላይ አሳርፋ አገጩን ወደ ደረቱ አጎነበሰችው። አዋላጇ ይርጋነሽ የእናቲቱን ሆድ ከታች በኩል ጫን አለች።

«የሺዬ፣ በይ አሁን አምጪ። አይዞሽ፣ አለሁልሽ» አለች ወለተ ሐና።

ዶክተሩ የልጅቷን እጅ አዩ። አይቸኩልም፣ አይፈራም። የራሳቸው እጅ መሰላቸው፤ ኧረ ከሳቸውም የለዘበ ነበር። ጭንቅላቱ ገና ሳይወጣ እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

አገጩ ወጣ፣ ከዚያ አፍንጫው፣ ከዚያ ግንባሩ። ሕፃኑ ግን አላለቀሰም። የዶክተሩ ጣቶች ከጀርባቸው እርስ በርስ ተያያዙ፤ አልተፈቱም። ወለተ ሐና አፉን ጠራረገች፣ ጀርባውን አሸት አሸት አደረገች።

ሕፃኑ አለቀሰ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች ይርጋነሽ፣ እያነባች።

ዶክተሩ እጆቻቸውን እንዳጣመሩ ወጡ። ልቅሶውን የሰማው ማናዬ ሮጦ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ።

«ነፍሴን መለሱልኝ፣ ጌታዬ!»

«ተነሥ፣ እኔ አይደለሁም» አሉት። «ሐኪሟ ውስጥ ናት።»