የቅጥሩ ድንጋይ በየቤታችን ነው

እኔ ያለምወርቅ ውሸት አይሆንልኝም። አፌ አያስችለውም። ባሌ አድማሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ ዘንድ ምስጢር አያድርም" ይለኝ ነበር። ታዲያ ያንን ትልቅ ውሸት እጃቸውን አውጥተው ካጸደቁት ሰዎች አንዷ እኔው ነበርኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ልናገረው።

ከግምጃ ቤት ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል ቀበሌያችን። ከበላዩ ኮረብታ አለ፤ የኮረብታውን አናት የሚዞር የድንጋይ ቅጥር ነበረው። ጭቃ የለው፣ ኖራ የለው፤ የአንዱ ድንጋይ ጥርስ ከሌላው ጎድጓዳ እየገባ የተካበ ነው። መቼ እንደተካበ የሚያውቅ የለም፤ የካቡት የእኛው ሰዎች መሆናቸውን ግን ሁሉም ያውቃል። ባለፈው ዓመት ኮረብታው ለድንጋይ መፍጫ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬው እውነት ሆኖ ተገኘ። "ኧረ ቅርስ ነው!" ብለን ጮህን። "ቅርስ ከሆነ ባለሙያ ይየው፤ እስከ የካቲት መጨረሻ ካልተመዘገበ ግን ማሽኑ ይገባል" ተባልን።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ቅጥሩ የለም! ከጉልበት በታች የሆነ መሠረት ብቻ ነው የቀረው። ማን ወሰደው? እኛ። በእኛ ዘንድ ልጅ ጎጆ ሲወጣ የአዲሱ ቤት የመጀመሪያ ድንጋይ ከቅጥሩ ይመጣል። አጎት ይመርጣል፣ ሙሽራው ይሸከማል። እያንዳንዱ ዘር የሚያነሳበት የራሱ ወገን አለው፤ የሌላውን መንካት ነውር ነው። ስንት ዘመን፣ ስንት ጎጆ! ስንወደው ስንወደው ጨረስነው።

ባለሙያዋ የምትመጣበት ቀን ሲቆረጥ ዝግባው ሥር ተሰበሰብን። የሽማግሌዎቻችን አውራ አያ ሽመክት ተነሡ። "ወሰድን ካልን ቅርስ አጥፊ ተብለን እንከሰሳለን። ጎርፍ ወሰደው እንበል" አሉ። ኮረብታ አናት ላይ ጎርፍ! አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን ፈርተን ነበርና ሁላችንም እጃችንን አወጣን።

በጥር ወር ባለሙያዋ፣ ሜላት የምትባል ልጅ፣ ከእንጅባራ መጣች። ቋንቋችንን አውኚን አትሰማም፤ አያ ሽመክት በአውኚ "አደራ፣ ጎርፍ ነው!" እያሉ ሲያስጠነቅቁን ፈገግ ብላ ታያቸዋለች። ሜትሯን ዘርግታ ለካች፣ ፎቶ አነሣች፣ ተንበርክካ መሠረቱን ዳበሰች። ከዚያ ቀና አለችና "የላይኛው ድንጋይ የት ሄደ?" አለች።

"ጎርፍ" አሉ አያ ሽመክት።

"ጎርፍ" አለ ሕዝቡ።

ልጅቱ ቁልቁለቱን አየች፤ እኛንም አየችን። ደብተሯን ገለጠች። "እንግዲህ 'ፈርሷል፤ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ አይቻልም' ብዬ ነው የምጽፈው። አዝናለሁ እማማ" አለችኝ፤ አጠገቧ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ብዕሯ ወረቀቱን ሲነካ ደሜ ፈላ። "ተይ፣ እንዳትጽፊ!" አልኩ። "የምን ጎርፍ? ጎርፍ ሽቅብ ይወጣል እንዴ? እኛ ነን የወሰድነው! አንድ ሳይቀር ቤታችን አለ!"

"አንቺ ሴት!" አሉ አያ ሽመክት።

"ይክሰሱኛ! ኮረብታው ከሚፈጭ እኔ ብታሰር ይሻላል!"

ልጅቱን እጇን ይዤ ቁልቁል ወደ ቤቴ ወሰድኳትና የበሩን ደፍ አሳየኋት። ረጅም ድንጋይ ነው፣ በሁለቱም ጫፉ ጥርስ አለው። "ይኸውልሽ፣ አድማሴ በትከሻው ያመጣው። ከቅጥሩ ምሥራቅ በር፣ በስተግራ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር።"

"ቦታውን እንዴት አወቁት?"

"እንዴት አላውቀው! ድንጋዩ ከትከሻ ሳይወርድ አጎት ከየት እንደተነሣ በሰው ፊት ይናገራል። ሳይነገር አይወርድም። እኛ ዘንድ የቤቱን ድንጋይ የማያውቅ ሰው የለም።"

ሜላት አዲስ ገጽ ገለጠች። ከዚያማ ማን ያቁማት! ጎረቤቴ አዝመራው ቤት ገባን። "ከደቡቡ ጥግ፣ ሦስተኛ ረድፍ፣ ከአስማረ አባት ድንጋይ ቀጥሎ" አለ። አስማረን ስንጠይቀው "እውነቱን ነው፤ የእኛ በስተቀኝ ነበር" አለ። እሷ ትስላለች፣ ቁጥር ትሰጣለች። አኩርፈው የነበሩት አያ ሽመክት በማግስቱ ራሳቸው መንገድ ላይ ጠበቁን። "የእኔ ቤት ይቅር ነው? የእኔ የበሩ ጉበን ነው፣ የሁላችሁም አለቃ!" አሉ። በሦስት ቀን አርባ አንድ ቤት ዞርን፤ በየቤቱ የአባትም የአያትም ድንጋይ ከነቦታው ተነገረ።

በመጨረሻ ወረቀቷን ዝግባው ሥር ዘረጋችው። ቅጥሩ ቁጭ ብሏል! "ሌላ ቦታ ድንጋዩ ይገኛል፣ የሚያውቀው ሰው ይጠፋል። እዚህ ሰዉ ድንጋይ በድንጋይ ያውቀዋል" አለች። እኔ ደግሞ ኩራት ደረቴን ነፋው፤ ተቀምጬ መስማት አቃተኝ። ብቻ አንድ ነገር አከለች፤ "የሚወስኑት ሰዎች ሲመጡ አንድ የቆመ ነገር ቢያዩ ጥሩ ነበር።"

"የምሥራቁን በር እናቆማለን" አልኩ። በሩ ማለት የእኔ ደፍ ነው፣ የአያ ሽመክት ጉበን ነው፣ የሌሎች ሰባት ቤቶች ድንጋይ ነው። የቤትን መሠረት መንቀል ቀላል አይደለም። "ዲጅኖ አምጡ፤ ከእኔ ጀምሩ" አልኳቸው።

ደፉ ሲነቀል አለቀስኩ። ለምን እደብቃለሁ? አድማሴን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ። ጎረምሶቹ ድንጋዩን በቃሬዛ አንሥተው ሲወጡ ግን ሴቱ የሠርግ ዘፈን አወጣ፤ ወንዱ ተቀበለ። አናቱ ላይ ስንደርስ ሁሉም ቆመ። ሳይነገር አይወርድምና። የአድማሴ አጎት ከሞቱ ቆይተዋል፤ እኔው ጮህኩ፦ "የአድማሴ ድንጋይ! የምሥራቅ በር! በስተግራ፣ ሁለተኛ ረድፍ!" አወረዱት። ጥርሱ ጎድጓዳው ውስጥ ገጭ ብሎ ገባ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ፀጉር አያሾልክም!

የሚወስኑት ሰዎች መጡ፣ በሩ ሥር ቆመው አዩ፣ ውሳኔውን ሳይነግሩን ሄዱ። እኛ በጭንቅ ሰነበትን። የካቲት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሜላት ደወለች። ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ነውና ሰዉ ሁሉ ከበበኝ፤ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"እማማ፣ ተመዝግቧል! መፍጫው ቀርቷል!"

እልልታው አገሩን ሞላው። አያ ሽመክት ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉ። ሜላት እስኪበርድ ጠበቀችና "አንድ ነገር ቀርቶኛል" አለች። "ሰነዱ ላይ 'የቅርሱ ጠባቂ' የሚል መስመር አለ። ማንን ልጻፍ?"

ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ። አያ ሽመክት እንኳ "እሷን ጻፊ!" ብለው ጮኹ።

"አይሆንም" አልኩ። "አርባ አንዱንም ቤት ጻፊ።"

"ኧረ እማማ፣ መስመሩ እኮ አንድ ነው። አይበቃም።"

"ታዲያ ወረቀት ቀጥይበታ!" አልኳት።