ባንዲራ የተሰቀለበት ለቅሶ

«ከፍ አርገህ እሰረው! ከሩቅ ይታይ እንጂ!»

አስተርጓሚው ገብረማርያም ይጮኻል፤ ወታደሩ የጣሊያንን ባንዲራ ከለቅሶው ዳስ ምሰሶ ጋር ያስራል። አሰበች ሰሌን ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ታያለች። ከጎኗ ባዶ አልጋ ላይ የባሏ የአለነ ልብስ ተዘርግቷል። ሬሳው እንግሊዝ በሚገዛው ሱዳን፣ ገዳሪፍ እስር ቤት ግቢ ውስጥ ስለተቀበረ መተማ ላይ የሚለቀሰው በልብሱ ነው። የባንዲራው አረንጓዴና ቀይ የለመደችው ቀለም ነበር። መሀሉ ግን ነጭ ነው፤ ነጩ ላይ ደግሞ ዘውድ የደፋ ጋሻ አለ።

«ጌታየ፣ ይኸ ለምንድን ነው?» አለችው።

«ክብር ነው። ባልሽ የመንግሥታችን ተገዢ ነበር። ፖሊስ ገደለ ብሎ እንግሊዝ ሳያስፈቅደን ሰቀለው። ካፒቴኑ በጣም ተቆጥተዋል።»

መቆጣታቸውስ እውነት ነው። አምና በገበያ ቀን ሰባት ሰው በአንድ ግንድ ላይ ሲያሰቅሉ ሲጃራቸውን ያላቋረጡት ካፒቴን፣ አለነ ገዳሪፍ ላይ ተሰቀለ ሲባሉ ጠረጴዛ ደበደቡ አሉ። መርዶው ማክሰኞ መጣ፤ ረቡዕ በመተማና በገላባት መሀል ያለው ኾር፣ በጋ በጋ አሸዋ ብቻ የሚሆነው ወንዝ፣ በወታደር ተዘጋ። ከወዲያ ማዶ ስኳርና አቡጀዲ የሚያመጡ ነጋዴዎች በስምንት ቀን ውስጥ ሱቃቸውን ዘግተው እንዲወጡ ታዘዙ። ደብዳቤ ወደ ካርቱም፣ ደብዳቤ ወደ ሮማ ሄደ። እንግሊዝም መልሶ፣ ሰውየው ገዳሪፍ የተወለደ፣ በመዝገባችን ያለ ነው፤ በራሳችን ሰው ላይ ብንፈርድ ማን ይጠይቀናል አለ። በሕይወቱ ሳለ አንዱም አለሁልህ ያላለው ሰው ሲሞት ሁለት መንግሥት ተጣላበት።

ገብረማርያም ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ይኸን አድምጪ። ‹ባሌ አለነ የኢጣሊያ መንግሥት ተገዢ ነበር፤ ደሙን መንግሥቴ ይጠይቅልኝ› ይላል። አውራ ጣትሽን ታኖሪበታለሽ። አለቀ።»

«ሐዘኔን ልወጣና…»

«እስከ ሰልስቱ ድረስ ነው። በሰልስቱ ሕዝቡ ተሰብስቦ በፊቱ ታኖሪያለሽ። እምቢ ካልሽ ግን ለምን እምቢ እንዳልሽ ካፒቴኑ መጠየቃቸው አይቀርም።» ሄደ ስትል ተመለሰ። «ለመሆኑ፣ አብረውት ከነበሩት ያመለጡትን ሦስት ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቅም።»

የተጠየቀችውን ያህል እውነቱን ነበር የመለሰችው። እሷ እንኳን ሦስቱን፣ ባሏንም አውቀዋለሁ ብላ መማል አትደፍርም።

አለነ ሁለት ወረቀት ነበረው። እናቱ ከጎንደር ወርዳ ገዳሪፍ ጥጥ ለቀማ ላይ ሳለች ስለወለደችው አንዱ የሱዳን መንግሥት ነው። ሁለተኛውን ጣሊያን መተማ በገባ በዓመቱ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ራሱ ሄዶ ነው ያወጣው። ወደ ማዶ ሲሻገር አንዱን፣ ሲመለስ ሌላውን ያሳያል። ሰሊጥ ነጋዴ ነኝ ይላል፤ ነጋዴም ነበር። ግን ሰሊጡ አልቆ ገበያ በሚበርድበት ወርም ከግመሎቹ ጋር ይጠፋል፤ ሲመለስም ከየት መጣህ ሲባል ይቀልዳል። አንድ ጠዋት የግመል ኮርቻ ሲጠግን አጠገቡ ቆማ፣ «አለነ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ የማን ሰው ነህ?» ብላው ነበር።

«ያንች ነኛ!» ብሎ ሳቀ።

ያን ሳቅ አልወደደችውም። በገበያው ስቅላት ቀንም ከዚሁ ገብረማርያም ጋር ቆሞ ሲስቅ በዓይኗ አይታዋለች። ከተሰቀሉት አንዱ የጎረቤታቸው የአያ አገኘሁ ልጅ ነበር። ያን ቀን አለነ ቤት ገብቶ እህል አልቀመሰም፤ በሰው ፊት የሳቀውን ሳቅ ግን ረሀቡ አላጠፋላትም። ከዚያ ወዲህ ከጎኑ ትተኛለች እንጂ አታምነውም ነበር።

አያ አገኘሁ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። ዘንጋቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን አሸርጠው፣ ለሐዘን እንደሚመጣ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ዳሱ ደጃፍ ሲደርሱ ቀና አሉና ባንዲራውን አዩ።

«ይግቡ እንጂ አያ አገኘሁ» አለች አሰበች ከተቀመጠችበት።

«ነፍስ ይማር ልል ነበር አመጣጤ» አሉ። «ዳኛ ፊት ቆሞ የጣሊያን ሰው ነኝ አለ ሲሉኝ ሐሰት ነው ብየ ነበር። እንዲህ ከሆነ ግን የነፍሱን ነገር ባለባንዲራዎቹ ያስቡበት።»

ተመለሱ። ከኋላቸው የነበሩት አምስት ስድስት ሰዎችም አብረው ተመለሱ። ጠላ የተጠመቀበት ጋን ሳይከፈት መሸ። ቄሱም አሞኛል ብለው ላኩ።

አሰበች ለምን ተመለሱ ብላ አልተቀየመችም፤ እሷም ብትሆን ትመለስ ነበር። ያቃጠላት ሌላ ነው። ሰው ባለበት እንደ ሚስት ደረቷን መድቃት፣ ፊቷን መንጨት፣ ጠጉሯን መላጨት ይገባት ነበር፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። የምታለቅሰው ለማን ነው? ባንዳ ከሆነ፣ ለአያ አገኘሁ ልጅ ገመድ ካቀበለ ሰው ጋር ነው የኖረችው። ካልሆነ ደግሞ ንጹሕ ሰው ጠርጥራ ነው ያለ እንባ የሸኘችው። የቱ እንደሚብስ ማወቅ አቃታት።

በሁለተኛው ቀን የመጣችው ረቢዓ ብቻ ናት፤ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ፣ ባሏ ከማዶ የመጣ ነጋዴ ነው። ሱቃቸው ታሽጓል። አንድ ሳህን ተምር ይዛ መጥታ ከሰሌኑ ዳር ተቀመጠች።

«አላህ ያጥናሽ አሰቡ። እኛም እኮ መሄዳችን ነው። አስራ ሁለት ዓመት የኖርንበትን ቤት፣ በስምንት ቀን!»

«በኔ ባል ምክንያት» አለች አሰበች።

«በመንግሥት ምክንያት ነው እንጂ ወላሂ፣ አለነ ምን አረገን?» ረቢዓ ዙሪያዋን ቃኘችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ የምልሽ፣ ጭነቱ ምን ነበር?»

አሰበች ቀና ብላ አየቻት። «ቡና። ፍርድ ቤትም ቡና ነው ብሏል አሉ።»

«እሱማ ብሏል። ባሌ ከገዳሪፍ የሰማው ግን ሌላ ነው። ፖሊሶቹ ሲደርሱባቸው ግመሎቹ ፊታቸው ወደ እናንተ ነበር። ወደ ሽንፋ ጫካ። ተኩሱም ሲከፈት አለነ ብቻ ድንጋይ ተገን አድርጎ ቀረ፤ ፖሊሱ የሞተው ያኔ ነው። ሦስቱ ግመሎቹን ይዘው ጠፉ። ቡና ከዚህ ወደ ማዶ ይሄዳል እንጂ ከማዶ ወደዚህ ሲመጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ከማዶ ተነስቶ በስውር ወደ ሽንፋ የሚገባ ጭነት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጫካ ያሉት አርበኞች የሚጠብቁት ጥይት። ጣሊያን ለራሱ ጥይት በግመል ተደብቆ አያስገባም። አሰበች አፏን ልትከፍት ምንም አልቀራትም ነበር። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። ይቺ ሴት ሱቋ እንዲከፈትላት ብላ ከገብረማርያም ጋር ተስማምታ ቢሆንስ? ሦስቱን ሰዎች ትናንት እሱ ጠየቀ፣ ዛሬ እሷ ታነሳለች።

«እኔ የወንድ ሥራ አላውቅም፣ ረቢዓ» አለች።

ረቢዓ ነገሩ ገባት። ፊቷ ጠቆረ፤ ተምሩን ወደ አሰበች ገፋ አድርጋ ተነሳች። አሰበችም አፈረች፤ ይሁን እንጂ አልጠራቻትም። ለሦስት ዓመት ተኩል በዚያ አገር ሰው ከሰው ጋር የኖረው እንዲያ ነበር።

የሰልስቱ ዕለት ገና በጥዋቱ ጥሩንባ ተነፋ። ሕዝቡ በትእዛዝ ወጣ፤ ትእዛዙ ግን ዳስ ግቡ አይልምና ኩመሩ ዛፍ ሥር ተኮልኩሎ ከሩቅ ቆመ። አያ አገኘሁ ከፊት ናቸው፤ ረቢዓም ከሴቶቹ መሀል ቆማለች። አሰበች ጣቷን ለመከልከል ቆርጣለች። ረቢዓ ያለችው እውነት የመሆኑ ተስፋ እንደ ጥፍር ቢያንስም እንኳ፣ የአለነን ስም በገዛ እጇ ጣሊያን ላይ አታትምም። ይምጡና ቤቷን ይፈትሹት፤ ከፈለጉም ይውሰዷት።

ገብረማርያም ማንበብ ጀምሯል። አጋማሹ ላይ ሳለ ሁለት እንግዶች ከሽንፋ መንገድ ብቅ አሉ፤ እንደ ሱዳን ሰው ጠምጥመዋል፣ ሰሊጥ ሻጭ ይመስላሉ። ሦስተኛው ራቅ ብሎ ግመል ይዞ ቆመ። ሁለቱ ሕዝቡን አልፈው፣ ከባንዲራው ሥር ጎንበስ ብለው ዳስ ገቡ። ታላቁ ልብሱ ወደ ተዘረጋበት አልጋ እጅ ነሳ። ታናሹ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ እንዳደገበት አድርጎ፣ ሳያስበው፣ ጥምጥሙን ከራሱ ላይ አወረደ።

ራሱ ተላጭቷል። የራስ ቅሉ ቆዳ ገና ፀሐይ አልነካውም፤ ከተላጨ ሁለት ቀን አልሞላውም።

በዚያ አገር ሰው ለአባቱ ይላጫል፣ ለወንድሙ ይላጫል። ለወዳጅ ነፍስ ይማር ይባላል እንጂ ጠጉር አይወርድም። አለነ ደግሞ ወንድም እንደሌለው መተማ ሁሉ ያውቃል። አሰበች የታላቁን ማጅራት ከጥምጥሙ ሥር አየች፤ እሱም ባዶ ነው። ዓይኗ ሳትፈልግ ግመሉን ወደ ያዘው ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

የገብረማርያም ንባብ ተቋረጠ።

«አንተ!» አለ ወደ ልጅ እግሩ እየጠቆመ። «ለማን ነው የተላጨኸው?»

ታላቁ እጁን ወደ ጋቢው ውስጥ ሰደደ። ታናሹ አፉን ከፈተ።

«የአክስቴ ልጅ ነው!» አሰበች ተነስታ ቆማለች። ድምጿ ኩመሩ ሥር ድረስ ተሰማ። «ከኔ ጋር ሊያዝን ነው የተላጨው፣ እሱን ይተውት! ወረቀቱን ያምጡልኝ፣ ጣቴን ላኑር!»

ገብረማርያም አላመነም። ወደ ሕዝቡ ዞረ። «አያ አገኘሁ! ጎረቤት አይደሉ? ይኸ የአክስቷ ልጅ ነው?»

አያ አገኘሁ ልጅ እግሩን አዩት። እሷን አዩ። ባንዲራውን አዩ።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ። «የባንዳ ዘመድ ሞልቷል፤ ማን ይቆጥረዋል?»

ወታደሮቹ ሳቁ። ገብረማርያምም አብሮ ሳቀና ወደ አሰበች ተመለሰ። ቀለም አስነካት፤ ጣቷን በወረቀቱ ግርጌ ተጫነች። ከዚያም የሚሰማው ሁሉ እንዲሰማ ጮኸች። «ባሌ የጣሊያን ሰው ነበር! ደሙን ጣሊያን ይጠይቅልኝ!»

እያንዳንዱ ቃል ሲወጣ አለነን ዳግመኛ የምትሰቅለው ያህል ተሰማት። አያ አገኘሁ ምራቃቸውን መሬት ላይ እንትፍ አሉና ጀርባቸውን ሰጡ። ሰዉ እየተንጠባጠበ ተከተላቸው። ረቢዓ ትንሽ ዘገየች፤ ከዚያ እሷም ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ሄደች። ገብረማርያም ወረቀቱን እፍ እያለ እያደረቀ ወታደሮቹን አስከትሎ ወደ ካፒቴኑ ወረደ።

ዳሱ ውስጥ አሰበችና ሁለቱ እንግዶች ብቻ ቀሩ።

«እታለም» አለ ታላቁ እንግዳ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል። «ጭነቱ ሁሉ ደርሷል፣ አንዲት ፍሬ ጥይት አልጎደለም። እናንተ እለፉ ብሎን ቀረ። ከተያዝሁ የጣሊያን ሰው ነኝ እላለሁ፣ ቡና ነው እላለሁ፣ ዱካችሁን የሚከተል አይኖርም ብሎን ነበር።»

አሰበች የአለነን ልብስ ከአልጋው አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ለአገሩ ሰው እንንገርልሽ? በምስጢር ለሽማግሎቹ ብቻ…»

«እንዳትናገሩ» አለች። «ጣሊያን እዚህ እያለ ለማንም እንዳትናገሩ። የጣሊያን ሰው ነው። በቃ፣ እንዲያ ይባል።»

ስትናገር ድምጿ ተሰበረ። ሦስት ቀን ሙሉ አልወርድ ያለው እንባ ወረደ። ባሏ ነበር፤ ያችን ጠዋት ኮርቻ ሲጠግን የመለሰላት ቀልድ አልነበረም፣ እሷ ግን አላመነችውም። ይቅር በለኝ የምትለው ሰው ገዳሪፍ አፈር ውስጥ ነው። ሰሌኑ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ እንኳ ማልቀስ አልቻለችም፣ ሰው ይሰማል።

ታናሹ እንግዳ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ከፊቷ ቁጢጥ አለ። ያኔ ነው ከጆሮው ከፍ ብሎ፣ በተላጨው ራሱ ላይ፣ የደረቀ ደም ያየችው።

«ማን ነው እንዲህ አርጎ የላጨህ?»

«ራሴ ነኝ። መርዶውን መንገድ ላይ ነው የሰማነ፤ ምላጭ አልነበረነም። በካራ ነው።»

አሰበች የነጠላዋን ጫፍ አጠገቧ ካለው ቅል ውኃ ነከረች። የልጁን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጉልበቷ አስጠጋችውና ቁስሉን ዳር ዳሩን መጥረግ ጀመረች።

«አትነቃነቅ» አለችው፣ «ቀስ ብየ ነው።»