የኔታ ያልጠሩት ስም

የኔታ ገብረ ዮሐንስ ስለ ላስታ ቅዱሳን የሚያውቁትን ሲተርኩ ባንችይርጋ ድምፃቸውን ቀድታ፣ ኮምፒውተር ላይ ስትጽፍ ዓመታት አልፈዋል። ለመጽሐፋቸው ነው። «ልጄ፣ ይህን የት ላይ ነው ያልኩት?» ሲሏት ፋይሉን ከፍታ ታሳያቸዋለች። በዚህች «ልጄ» ነበር የምትኖረው።

እድላዊት በኮምፒውተር ተመርቃ ላሊበላ ስትመለስና የሚሠሩበትን ቢሮ ስትቀላቀል ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ ከሰዓት ተቀምጣ አጭር የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፈች። አንድ ቃል ከሰጡት ፋይሎቹን ሁሉ ራሱ እየከፈተ፣ ቃሉ ያለበትን አንቀጽ ለቅሞ ያወጣል።

«ወይ ጉድ! አንቺ ልጅ፣ መልአክ ነው እንዴ የምታዝዢው?» አሉ የኔታ፣ ወንበራቸውን ወደ እድላዊት ጠረጴዛ እያስጠጉ።

ባንችይርጋ ፈገግ አለች። ዓይኗ ግን ወንበራቸው ከጎኗ በተነሣበት ባዶ ቦታ ላይ ቀረ።

የቅዱስ ነአኩቶ ለአብ ምዕራፍ ሲደርስ እድላዊት ስሙን ሰጥታ አስፈለገችው። የወጣው ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም።

ባንችይርጋ ወዲያው ገባት። የኔታ የቅዱስን ስም ደጋግመው መጥራት ድፍረት ይመስላቸዋል፤ አንዴ ከጠሩ በኋላ እስከ መጨረሻው «ጻድቁ» እያሉ ነው የሚተርኩት። እሷም እንዳሉት ነው የጻፈችው። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። እስቲ ይዩዋት፣ አለች በልቧ።

እድላዊት አትማ ሰጠቻቸው። የኔታ አነበቡ፤ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው የኔታ። አንድም ፋይል አልቀረውም።»

«ዋሻው ውስጥ ስለሚንጠባጠበው ጠበል፣ ስለ ሱባኤው... የነገርኳችሁ መስሎኝ ነበር።» ድምፃቸው አነሰ። «በቃ፣ አእምሮዬ ከድቶኛል ማለት ነው። መጽሐፉም ይቅር።» መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው ሊሄዱ ተነሡ።

እድላዊትን እንዲያሳፍርላት የያዘችው ዝምታ የኔታን ሲያጎብጣቸው ባንችይርጋ አየች።

«ነግረውናል እኮ የኔታ!» አለች፣ ሳታስበው ጮክ ብላ። «እድል፣ ‹ጻድቁ› ብለሽ ፈልጊ።»

ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሞላ።

«አላልኳችሁም!» የኔታ እንደ ሕፃን ሳቁ። «ተባረኪ ልጄ እድላዊት! መሣሪያሽን ይባርክልሽ!»

«ኧረ የኔታ፣ እሷ ናት...» አለች እድላዊት፤ እሳቸው ግን ጮክ ብለው ማንበብ ጀምረዋል።

ባንችይርጋ ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች። «ልጄ» የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ወጋቻት። የኔታ መቋሚያቸውን መልሰው ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉት ግን በጆሮዋ ሰማች፤ የሚሄዱ አይደሉም። የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ፣ ካቆመችበት መጻፍ ቀጠለች።